ሬኔ ዴካርት እና የግራፉ ግራ ጎን

የሒሳብ ተማሪ ሆኖ የዴካርትን ስም ያልሰማ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። አብዛኞቻችን የምናውቀው ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ በፍልስፍና ኮርስ የምትነሳው ስለ ማሰብና ስለ መኖር የተናገራት አጭር አባባል ናት። ሁለተኛው የዝንቧ ታሪክ ነው፤ አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያው ላይ የምትሄድ ዝንብ ሲያይ የኮኦርዲኔት ጠለልን ፈጠረ ይባላል። እኔም ለታናሽ እህቴ ይህንኑ ነበር የነገርኳት። በኋላ ሳነብ ዝንቧ በጽሑፎቹ ውስጥ የለችም፤ ሰዎች ቆይተው የጨመሯት ተረት ናት። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን ዝንቧ ሳትሆን እህቴ ነች።

ለእረፍት መዘዞ፣ ቤተሰብ ጋ ሄጄ ነበር። (መዘዞን የኦፓል ነጋዴዎች ያውቋታል፤ እኛ ልጆቿ ደግሞ በብርዷ እናውቃታለን።) 10ኛ ክፍል የምትማረው እህቴ የፖሊኖሚያል ፈንክሽን ግራፍ የቤት ሥራ ነበራት። ሰንጠረዧን ከ0 ጀምራ 1፣ 2፣ 3 እያለች ወደ ቀኝ ብቻ ሞላች፣ ነጥቦቹን በማስመሪያ አገናኘችና ጨረስኩ አለች። ኔጋቲቮቹስ የት ሄዱ ብላት፣ እነሱ የውሸት ቁጥር ስለሚመስሏት እንደተወቻቸው ነገረችኝ። ሳቅኩባት። ዝም ብዬ ብስቅ እንኳ ደግ ነበር፣ ይኼን ሳታውቂ እንዴት እዚህ ደረስሽ አልኳት። ደብተሯን ዘግታ ጓዳ ገባች፤ እስክመለስ ድረስም ሒሳብ የሚባል ነገር አላነሳችብኝም።

የሳቅኩበት ሐሳብ የዴካርት የራሱ ሐሳብ እንደነበር ያወቅኩት ካምፓስ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ዴካርት የተወለደው እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1596 በፈረንሳይ፣ ቱሬን በሚባለው አገር፣ ላ ሄይ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ በእሱ ስም ትጠራለች። እናቱ የሞተችው ገና ዓመት ከምናምን ሳይሞላው ነው፤ ያሳደገችው አያቱ ነች። ላ ፍሌሽ በሚገኘው የኢየሱሳውያን ኮሌጅ ሲማር ጤናው ደካማ ስለነበር ጠዋት ጠዋት አልጋው ላይ እንዲቆይ ተፈቀደለት (የዶርም ልጆች፣ አትቅኑ)። አርፍዶ መነሳት እስከ ዕድሜው መጨረሻ ልማዱ ሆነ። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1616 ፖይቲዬ ላይ በሕግ ተመረቀ፤ ጠበቃ ግን አልሆነም። በ1618 ሆላንድ ሄዶ ወታደር ሆነ። እዚያ ብሬዳ ከተማ ላይ ይስሐቅ ቤክማን ከሚባል ሰው ጋር ተዋወቀ፤ የተኛውን የሒሳብ ፍቅሩን የቀሰቀሰበት ይህ ሰው ነው። በዓመቱ፣ በኖቬምበር 1619፣ ጀርመን አገር ምድጃ በሚሞቅበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሲያስብ ዋለና ሌሊቱን ሦስት ሕልም አየ። ሕልሙን ከላይ የመጣ ምልክት አድርጎ ወስዶ ሎሬቶ ወደምትገኘው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ተሳለ። ምክንያትን ብቻ የሚያምን ደረቅ ሰው አድርገን የምንስለው ዴካርት ስለት ተሳይ ነበር ማለት ነው። በእኛ አገር በዚያው ዘመን ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ ተመራመረ ከሚባለው ዘርዓ ያዕቆብ ጋር የሚያወዳድሩት አሉ፤ የሐተታው ደራሲ ማንነት ግን እስካሁን ምሁራንን እያከራከረ ነው።

ከ1628 ጀምሮ ሆላንድ ውስጥ ከቤት ቤት፣ ከከተማ ከተማ እየቀያየረ ኖረ። በ1633 ጋሊሊዮ መፈረዱን ሲሰማ ለማሳተም ያዘጋጀውን መጽሐፍ ደበቀው። በ1637 ግን ስሙን ሳይጽፍበት፣ በላቲን ሳይሆን በፈረንሳይኛ፣ ላይደን ላይ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ከኋላው ሦስት ድርሰቶች ተያይዘዋል፤ ሦስተኛው ጂኦሜትሪ ይባላል።

እኛ የምንኖረው በዚህ ድርሰት ውስጥ ነው ብል አላጋነንኩም። ላልታወቁ መጠኖች የላቲን ፊደል የመጨረሻዎቹን ሆሄያት መጠቀም፣ ፓወርን ከፍ አድርጎ በትንሽ ቁጥር መጻፍ ከዚያ የወረስናቸው ናቸው። ድርሰቱ ከባድ ነው። ዴካርት አንዳንዱን ነገር ሌሎች ፈልገው በማግኘት እንዲደሰቱ ሆን ብሎ እንደተወው ይገልጻል። ማረጋገጫውን ለተማሪው ትቻለሁ የሚሉ መምህራን ከማን እንደተማሩት አሁን ገባኝ።

በሦስተኛው ክፍል ውስጥ አንድ ምሳሌ አለ። አራት ነገሮችን ያባዛል፦ (ኤክስ − 2)(ኤክስ − 3)(ኤክስ − 4)(ኤክስ + 5)። የሚወጣው

ኤክስ⁴ − 4ኤክስ³ − 19ኤክስ² + 106ኤክስ − 120

ነው። ምልክቶቹን ከግራ ወደ ቀኝ ስናነብ ፕላስ፣ ማይነስ፣ ማይነስ፣ ፕላስ፣ ማይነስ ናቸው። ምልክት የተለወጠው ሦስት ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ሦስት ፖዚቲቭ ሥር ሊኖር ይችላል፤ አንድ ቦታ ሳይለወጥ ቀርቷል፣ ስለዚህ አንድ ኔጋቲቭ ሥር። የዴካርት የምልክት ሕግ የምንለው ይህ ነው። ዴካርት ግን ፖዚቲቭና ኔጋቲቭ አይልም። 2፣ 3 እና 4 እውነተኛ ሥሮች ናቸው፤ 5 ደግሞ ሐሰተኛ ሥር ነው። ሐሰተኛ! እህቴ ምን አለች?

በዚህም አያበቃም። በሁለት ቀጤ ነክ መስመር የተከፈለው፣ ወደ ግራና ወደ ታች ማይነስ የተጻፈበት ጠለል በጂኦሜትሪው ውስጥ የለም። አንድ መነሻ መስመር ይወስዳል፣ ከእሱ በሆነ አንግል ሌላ ይለካል፤ የሚለካው ርዝመት ስለሆነ ኔጋቲቭ ቦታ የለውም። ሰንጠረዥ ሞልቶ ነጥብ መትከልም የእሱ መንገድ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥምዙ መስመር ቀድሞ ይሰጥና እኩልታውን ይፈልግለታል። ከእኩልታ ተነስቶ ወደ መስመሩ የሄደው በዚያው ዘመን የነበረው ፌርማ ነው፤ የእሱ ጽሑፍ ግን የታተመው ከሞተ በኋላ በ1679 ነው። ኔጋቲቩን ጎን እንደ ሙሉ አገር ቆጥሮ የሦስተኛ ዲግሪ ጥምዞችን የዘረዘረው የኒውተን ሥራም የወጣው በ1704 ነው። ከ1637 እስከዚያ 67 ዓመት። እኔ እህቴን የሰጠኋት አንድ ምሽት ነበር።

የቀረው ሕይወቱ ያሳዝናል። በ1635 ከአንዲት የቤት ሠራተኛ ፍራንሲን የምትባል ልጅ ወልዶ ነበር፤ በ5 ዓመቷ ሞተችበት። በ1649 የስዊድን ንግሥት ክርስቲና ፍልስፍና እንዲያስተምራት ጠራችው። አርፍዶ የሚነሳው ሰው በዚያ ክረምት ከንጋቱ 11 ሰዓት ቤተ መንግሥት መገኘት ነበረበት። ትምህርቱ ገና ሳይገፋ የሳንባ ምች ያዘውና ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1650 ስቶክሆልም ላይ በ53 ዓመቱ ሞተ። ብርዱን መገመት ለእኔ አይከብደኝም፤ መዘዞ ላይ ከንጋቱ 11 ሰዓት የሚነሳ ሰው ያውቀዋል። አፅሙ በ1666 ወደ ፈረንሳይ ተወሰደ፣ የራስ ቅሉ ግን ተለይቶ ዛሬ ፓሪስ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ለፋሲካ ወደ ቤት ስሄድ የዴካርትን ምሳሌ በወረቀት ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ከዚያ ያንን ሥር ሐሰተኛ ያለው ማን እንደሆነ ነገርኳት። ደስ አላት፣ ትንሽም ኮራች። ሰንጠረዡን አብረን ሞላን። ከ0 ወደ ቀኝ ያለው በ−120 ይጀምርና በ2፣ በ3፣ በ4 ላይ መስመሩን ይሻገራል፤ በመካከል ያለው ጉብታ ቁመቱ 3 እንኳ አይሞላም። ወደ ግራ ስንሄድ ግን −3 ላይ −420 ወጣ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና እንደሚታየው ገደል ቁልቁል ይወርድና −5 ላይ ተመልሶ ይወጣል፤ −6 ላይ 720 ነው። ግራውን የተወ ሰው ገደሉን በሙሉ አላየም።

አንድ ካሬ 20 እንዲሆን ብናደርግም ወረቀቱ አልበቃንም፣ ሌላ ቀጠልንበት። ጥምዙን በማስመሪያ ሳይሆን በእጇ ሳለችው። ከዚያ በ2 እና በ3 መካከል ያለው ጉብታ የት እንደጠፋ ጠየቀችኝ። በዚያ ስኬል ከአንድ ካሬ ሰባተኛ እጅ አይበልጥም፣ ስለዚህ አይታይም። ከ2 እስከ 4 ያለውን ብቻ ለብቻው በትልቅ ስኬል ሳልነውና ከጎኑ ለጠፍነው።