ንጉሥ ላሊበላና ከአንድ ዓለት የወጡ ቤቶች

አንባቢ ሆይ፥ ክርስቲያኖች እግዚአብሔርን ለማምለክ በልዩ ልዩ መንገድ እንደሚሰበሰቡ ታውቃለህ። አንዱ በታላቅ ቤተ ክርስቲያን በከበሮና በጸናጽል ያመሰግናል፤ ሌላው በማኅበር ቤት ጽዋውን አክብሮ ከወንድሞቹ ጋራ ይጸልያል፤ ሌላውም በጠባብ ቤት መጽሐፍ ከፍቶ ያነባል። ይህ ልዩነት ፍቅርን እንዳያፈርስ ምን ይበጃል? ስለዚህ ነገር የላስታውን ንጉሥ የላሊበላን ሕይወት አስብ።

ላሊበላ ከዛጔ ነገሥታት አንዱ ነው። የነገሠውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነው። ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈው ገድሉ እንደሚተርከው፥ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ይህን የንግሥና ምልክት አድርጋ ስሙን አወጣችለት። በዙፋን የነበረው ወንድሙ ሐርቤይ ይህን ሰምቶ ቀናበት። እኅቱም መርዝ አጠጣችው፤ እርሱ ግን ከሞት ተረፈ። በቀልን ከመሻት ይልቅ ወደ ምድረ በዳ ሄደ፤ መስቀል ክብራንም አገባ። በመጨረሻም ወንድሙ በራእይ ተገሥጾ ዙፋኑን በሰላም ለቀቀለት ይላል ገድሉ።

ከታሪክ ሊቃውንት ግን ላሊበላ ዙፋኑን በኃይል ሳይወስድ አልቀረም ብለው የሚገምቱ አሉ። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፥ ገድሉን የጻፉት አባቶች ለልጆቻቸው ሊያወርሱ የመረጡት ጠቡን ሳይሆን ዕርቁን መሆኑን ልብ በል። ወንድም ወንድሙን የሚያሸንፍበትን ሳይሆን የሚቀበልበትን ቀን አከበሩ።

ላሊበላ ከነገሠ በኋላ በሮሐ ስላሠራቸው አብያተ ክርስቲያናት ስሙ በዓለም ተሰማ። በ1187 ዓመት ሳላሕ አድ-ዲን ኢየሩሳሌምን ያዘ፤ በላስታም ወንዙ ዮርዳኖስ፥ አንዱም ቤት ጎልጎታ ተባለ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ዓመታት ይህን አይቶ ሲጽፍ፥ ሰው እንዳያምነው ፈርቶ በመሐላ አጸናው።

አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ናቸው፤ መልካቸውም አንድ አይደለም። ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ ከ33 ሜትር ይበልጣል፤ ቤተ መስቀል ግን እጅግ ጠባብ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ በመስቀል አምሳል ተፈልፍሎ ብቻውን ቆሟል። ቤተ አባ ሊባኖስን መስቀል ክብራ አሠራችው ይባላል። አንዳንዱ በአራቱም ወገን ከዓለቱ ተለይቷል፤ አንዳንዱ እንደ ቤተ አባ ሊባኖስ ጣራው ከላዩ ዓለት ጋራ እንደ ተያያዘ ነው። በአራቱም ወገን የተለየው እንኳ በመሠረቱ ከዚያው ድንጋይ አልተቆረጠም። ቢቆረጥ ኖሮ ባልቆመም ነበር።

ከዚህ በቀር ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ አስቀድሞ በዚያው በላስታ ቤተ ክርስቲያኑን በዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት ሠራ። ላሊበላም በሌላ መንገድ ሠራ እንጂ የቀድሞውን አላፈረሰም። ሁለቱም እስከ ዛሬ ይጸለይባቸዋል።

አንባቢ ሆይ፥ ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታ ልደት ሲከበር፥ የላሊበላም ልደት ይታሰባል። በዚያን ቀን በቤተ ማርያም ካህናቱ በሁለት ተከፍለው፥ እኩሌቶቹ ከላይ በዓለቱ ጫፍ፥ እኩሌቶቹ ከታች በግቢው ቆመው፥ ቤዛ ኵሉ የተባለውን ዝማሬ እየተቀባበሉ ያሰማሉ። የላዮቹ የመላእክት፥ የታቾቹ የሰዎች ምሳሌ ናቸው ይባላል። የላዮቹ ዝም ቢሉ የታቾቹ ዝማሬ ይጎድላል፤ የታቾቹ ዝም ቢሉ የላዮቹን የሚቀበል አይገኝም።

እንግዲህ ባልንጀራህ ከአንተ በተለየ ቤትና ሥርዓት ሲሰበሰብ ብታይ፥ አስቀድመህ በመሠረቱ መርምረው። መሠረቱ ክርስቶስ ከሆነ ቤቱ ስለ ጠበበ አትናቀው፤ ስለ ሰፋም አትቅናበት። ስለ እውነት የምትነግረው ነገር ቢኖርህ ፊት ለፊት በትሕትና ንገረው እንጂ በሌለበት አትማው። በታመመ ጊዜ ጠይቀው፥ ባዘነም ጊዜ ከደጁ አትጥፋ፤ ማዕድህንም አትከልክለው። ለቅሶ ቤት ገብቶ አብሮ የተቀመጠ ሰው በጸሎት ቤት ምክንያት ወንድሙን ለመጥላት ይቸግረዋልና።

የላስታን ዓለት ያጸና አምላክ እኛንም በአንድ መሠረት ያጽናን። አሜን።