ሚዛን የያዘው ሰው

ወረታ ሩዝ መፈልፈያው አጠገብ ያደግን የፎገራ ልጆች የሩዝ ቅርፊት ሲነድ አይተናል። ከ100 ኪሎ ቅርፊት የሚተርፈው አመድ 20 ኪሎ ገደማ ነው። የቀረው ጠፋ እንዳንል የከለከለን አንቷን ላቯዚዬ ነው።

ላቯዚዬ በ1743 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ተወለደ። ሕግ ቢማርም ለንጉሡ ግብር በኮንትራት በሚሰበስብ ማኅበር ድርሻ ገዛ፤ እነዚያን ውድ ሚዛኖች ያሠራውም በዚሁ ገንዘብ ነበር። በ1772 ፎስፎርና ድኝ ሲቃጠሉ ክብደት እንደሚጨምሩ አየ። የዘመኑ ሊቃውንት ግን የሚነድ ነገር ሁሉ ፍሎጂስቶን የሚባል ነገር ያወጣል ይሉ ነበር። የሚያወጣ ከሆነ እንዴት ይከብዳል? በ1774 ቆርቆሮ አፉ በተደፈነ ብርጭቆ ውስጥ አጋለ። ሳይከፈት ሲመዘን ክብደቱ ያው ነው፤ ሲከፈት አየር እየፏጨ ገባ፤ ያን ጊዜ ከበደ። ከአየሩ ወደ ብረቱ የሚገባውን ክፍል ኋላ ኦክሲጅን አለው። በ1789 ለታተመው የኬሚስትሪ መጽሐፉ ሥዕሎቹን የሣለች ሚስቱ ማሪ አን ናት።

እንግዲህ የቅርፊታችንን ሒሳብ እንዝጋ፦ 12 ኪሎ ካርቦን ከአየር 32 ኪሎ ኦክሲጅን ወስዶ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ስለዚህ ደኅና አድርጎ ሲነድ በጭሱ በኩል የሚወጣው ጋዝ ከቅርፊቱ ራሱ ይከብዳል፤ አየሩን ያልመዘነ ይህን አያምንም።

ግብር ሰብሳቢ እንዴት እንደሚጠላ የገበሬ ልጆች ስለሆንን አይጠፋንም። አብዮቱ የማኅበሩን ሰዎች በአንድነት ከሰሰ፤ ሜይ 8 ቀን 1794 ላቯዚዬ በ50 ዓመቱ ከአማቱ ጋር በአንድ ቀን አንገቱን ተቆረጠ። የቀሩትን ጽሑፎቹን ማሪ አን አሳተመች።