ሊስ ሃርቴል፦ ተደግፋ ወጥታ ብዙዎችን ያወጣች ሴት

በዚህ እትም የማካፍላችሁ የአንዲት ዴንማርካዊት እናት የሕይወት ታሪክ ነው። አካል ጉዳተኛ ልጅ ቤት ውስጥ ያላት እኅት ብታነበው፣ ወይም ሲነበብላት ብትሰማው ይጠቅማታል ብዬ መረጥኩት። የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊስ በ1921 በኮፐንሃገን አቅራቢያ ሄለሩፕ በሚባል ስፍራ ተወለደች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከፈረስ ጋር ያደገች ናት። የተካነችበት ውድድር ድሬሳዥ ይባላል። ይህ የፍጥነት ውድድር አይደለም፤ ፈረሱ በጋላቢው ጥቃቅን ምልክት እርምጃውን እየለዋወጠ በስልት የሚረግጥበት፣ ዳኞችም ነጥብ የሚሰጡበት ነው። በ1943 እና በ1944 የአገሯ ሻምፒዮን ሆነች። ያን ጊዜ ትዳር መሥርታ አንዲት ልጅ ወልዳ ነበር።

በ1944 በሴፕቴምበር ወር፣ በ23 ዓመቷ፣ ሁለተኛ ልጇን ነፍሰ ጡር ሳለች በልጅነት ልምሻ ማለትም በፖሊዮ ተያዘች። በሽታው እግሮቿን ብቻ ሳይሆን እጆቿንም አዛለ። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና ጤነኛ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሐኪሞቹ ግን ከእንግዲህ በክራንች መራመድ ከቻለች ትልቅ ነገር እንደሆነ ነገሯት።

ሊስ በዚህ አልቆመችም። እጇን ማንሳት እንደ አዲስ ተማረች፣ ቀጥሎ እንደ ሕፃን ዳኸች፣ ከዚያም ክራንች ያዘች። በዚህ ሁሉ ባለቤቷና እናቷ አብረዋት ነበሩ። ኋላም ሰዎች ተሸክመው ኮርቻ ላይ አስቀመጧት። ከጉልበቷ በታች ያለው እግሯ ስለማይታዘዝላት ብዙ ጊዜ ወደቀች፤ ደግማም ወጣች። ሌሎች ጋላቢዎች በእግራቸው ለፈረሱ የሚሰጡትን ምልክት፣ እርሷ በወገቧና በክብደቷ መስጠት ተለማመደች። ጁቢሊ የምትባለው ባዝራዋም ይህን አዲስ ቋንቋ ተማረች። በ1947 ሊስ በስካንዲኔቪያ የሴቶች ውድድር ሁለተኛ ወጣች።

እስከዚያ ድረስ በኦሊምፒክ የድሬሳዥ ውድድር ሴቶች መካፈል አይችሉም ነበር። በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ደንቡ ሲቀየር ከወንዶቹ ጋር አራት ሴቶች ተሰለፉ፤ አንዷ ሊስ ነበረች። ፈረሷ ላይ ለመውጣትና ለመውረድ ሰው ይይዛታል። ውድድሩ ሲያበቃ 541.5 ነጥብ አግኝታ የብር ሜዳሊያ ወሰደች፤ ሦስተኛ ከወጣው ፈረንሳዊ የበለጠችው በግማሽ ነጥብ ነው። በፈረስ ስፖርት በግል ውድድር የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። አንደኛ የወጣው ስዊድናዊው መኮንን ሄንሪ ሴንት ሲር ደግፎ ወደ ሜዳሊያው መድረክ አወጣት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ በስቶክሆልም በተካሄደው የኦሊምፒክ የፈረስ ውድድርም ዳግመኛ ብር አገኘች።

ከሜዳሊያው ይልቅ ብዙ ሰው የጠቀመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሊስ በየቦታው እየዞረች የፈረስ ትርኢት አሳየች፤ ለፖሊዮ ሕሙማንም ገንዘብ አሰባሰበች። የእርሷን ታሪክ ያዩ የጤና ባለሙያዎች አካል ጉዳተኛ ልጆችን ፈረስ ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። በኖርዌይ ኤልሰቤት ቦትከር የተባለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ነበረች። በ1969 በእንግሊዝና በአሜሪካ ይህንኑ ሥራ የሚመሩ ማኅበራት ተቋቋሙ። በ1996 በአትላንታ ደግሞ የፈረስ ውድድር በፓራሊምፒክ ተካተተ። ሊስ በ2009 በ87 ዓመቷ አረፈች።

ፈረስ ለሕክምና እንዴት ይሆናል የምትል እኅት ትኖር ይሆናል። ፈረስ ሲራመድ የተቀመጠበትን ሰው ዳሌ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል። ይህ ሰው በእግሩ ሲሄድ ዳሌው ከሚያደርገው እንቅስቃሴ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ በእግሩ ሄዶ የማያውቅ ልጅ ሰውነቱ የመራመድን ስሜት ያገኛል፤ ሚዛኑንም መጠበቅ ይለማመዳል። የፈረሱ ሙቀትም የተኮማተረ ጡንቻ ያፍታታል።

በእንዲህ ያለ ማዕከል አንድ ልጅ ከአንድ ፈረስ ጋር ብቻውን አይለቀቅም። አንድ ሰው ፈረሱን ይስባል፤ እንደ ልጁ ሁኔታ ሌሎች ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ይሄዳሉ። በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ልጅ ከፈረሱ ቁመት የሚያደርሰው መወጣጫ ይሠራለታል። የራስ ቁርም ያደርጋል። ፈረሱ የሚመረጠው በፍጥነቱ ሳይሆን በትዕግሥቱ ነው። ልጆቹ ከግልቢያው በፊትና በኋላ ፈረሱን ይቦርሻሉ፣ ይመግባሉ። ሁልጊዜ ሲታዘንለትና ሲታዘዝለት የኖረ ልጅ፣ እዚያ እርሱ የሚንከባከበውና የሚያዘው ትልቅ እንስሳ ያገኛል።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይህን ሁሉ ሳነብ ወጪው ይታየኛል። ፈረስ ማንም ባልጋለበበት ቀንም ይበላል። አንድ ልጅ ለማስጋለብ እስከ ሦስት ሰው ይፈለጋል። የእኛ ሰርዶ ደግሞ የግመል፣ የፍየልና የአህያ አገር ናት፤ ሙቀቷም ለፈረስ አይመችም። ስለዚህ እዚህ የፈረስ ማዕከል እንክፈት አልልም። ያለ ባለሙያ ልጅን በግመል ወይም በአህያ ላይ ማስቀመጥም አደጋ አለው።

ከሊስ ሕይወት ልንወስደው የምንችለው ግን ደጋፊውን ሰው ነው። የሚይዛት ሰው ባይኖር ኖሮ ችሎታዋ ሁሉ ክራንቹ ላይ ይቀር ነበር። በአገራችንም በ1962 በመናገሻ የተቋቋመው የቼሻየር ማዕከል በልጅነት ልምሻ የተጎዱ ሕፃናትን ተቀብሎ መራመድ ያስለማመደው በሰው እጅ ነው።

ከእኛም መካከል ልጇን ትታ መምጣት ስለማትችል ከስብሰባና ከሥልጠና የምትቀር እናት አለች። ቁጠባዋ ሲቆም እኛ መዝገብ ላይ የምናየው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። የልጁን ጉዳይ የሚያሳይ ዓምድ የለንም። በሚቀጥለው ዓመት በጀታችን ላይ ለአጃቢ ውሎ አበልና ልጁን ወደ ሕክምና ለማመላለሻ አንድ መስመር እንዲጨመር ለአባላት ጉባኤ አቀርባለሁ። ደጋፊዎቻችንም ይህ ወጪ ሲታያችሁ እንደ ትርፍ ነገር እንዳትቆጥሩብን አደራ እላለሁ። ገንዘብ እስኪገኝ ድረስም፣ በየሳምንቱ ስብሰባ ተራ ገብተን አንዳችን የአንዷን ልጅ ብንይዝላት ከካዝናችን የሚወጣ ምንም የለም።