የጠገራ ብሯ ንግሥት ሻሽ

ጠገራ ብርን የማያውቅ ጥቂት ነው። በላዩ የተቀረጹትን ሴት ግን “ማርትሬዛ” ከማለት አልፎ ማንነታቸውን የሚጠይቅ ብዙ አይደለም። ታሪካቸው ከራሳቸው ላይ ይነበባል፤ ሻሹ ሐዘናቸውን፣ ዘውዱ ሥልጣናቸውን ይናገራል።

ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1717 በቪየና ተወለዱ። አባታቸው ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ ሴት ልጅም እንድትወርስ በ1713 ደንግገው፣ የአውሮፓ መንግሥታት እንዲቀበሉት ለዓመታት ሲደራደሩ ኖሩ። በ1740 ሲሞቱ ግን የፕሩሲያው ፍሬድሪክ 2ኛ ሲሌዢያን ወረረ። የ23 ዓመቷ ወራሽ ፊርማ ያለ ጦር እንደማይጸና የተማሩት ያኔ ነው። እስከ 1748 በዘለቀው ጦርነት ሲሌዢያን ቢያጡም አብዛኛውን ርስታቸውን አስከበሩ። የንጉሠ ነገሥትነት ማዕረግ ግን ለሴት ዝግ ነበርና በ1745 የተመረጡት ባለቤታቸው ፍራንዝ ናቸው። እቴጌ የተባሉት በባላቸው ነው።

በገንዘቡ ላይ ግን መልካቸው የተቀረጸው እንደ ሮማ ቄሣሮች ወደ ጎን ዞሮ ነው። ይህ የገዢ አቀማመጥ ነው። ተመልካቹን ዓይን ለዓይን አያይም፣ አይለማመጥም። በመጀመሪያዎቹ ብሮች ላይ ወጣት ናቸው፤ ሻሽም የለም።

በ1765 ፍራንዝ ሞቱ። የ16 ልጆች እናት የሆኑት ንግሥት ፀጉራቸውን ተቆርጠው እስከ ዕለተ ሞታቸው ጥቁር ለበሱ። ከዚያ ወዲህ በብሩ ላይ የሚታየው የባልቴት ሻሽ ነው፤ በላዩም ዘውድ አለ። ሐዘኑ ከሥራ አላራቃቸውም። በ1768 ያጸደቁት የወንጀል ሕግ የማሰቃያ መሣሪያዎችን በሥዕል ጭምር ያሳይ ነበር። በ1776 ግን በማሰቃየት መመርመርን ከለከሉ። በ1774 ደግሞ ትምህርትን ለወንዶችም ለሴቶችም ግዴታ አድርገዋል።

በ1780 ቢያርፉም ብሩ ያንኑ ዓመተ ምሕረት ይዞ መቀረጹን ቀጠለ። በእኛ ገበያ አፄ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ ዘውድ የጫነ የጎን መልካቸውን የያዘ ብር ቢያወጡም ማርትሬዛን አላስለቀቀም። ጣሊያንም በ1918 የሴት መልክ ያለበት ተመሳሳይ ብር ለኤርትራ ብትቀርጽ ሰው አልተቀበለውም። በአገራችን የገንዘብ ሥርዓቱ የተለወጠው በ1945 ነው።

ገንዘብ የሚያዘው በእምነት ነው። ሕግና ፊርማ ዙፋናቸውን ሊያስጠብቁላቸው ያልቻሉት ሴት፣ ስማቸውን በቅጡ በማያውቅ ሕዝብ ዘንድ ከነገሥታቱ ይልቅ ታመኑ። ያመነውም የሐዘን ሻሻቸውን ነበር።