ፍሬድሪክ ስታንሊ ኪፒንግና የጋለ ብረት ቀለም

የአውቶሞቢል ኮፈን ሲከፈት ከሁሉ አስቀድሞ ዝገት የሚታየው በጭስ መውጫው ማኒፎልድ ላይ ነው። ሞተሩ ብዙ ጭነት በተሸከመ ቁጥር የዚህ ብረት ግለት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ሞተሩ ሲቆም ደግሞ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበትም ያገኘዋል። በተልባ ዘይትም ሆነ ከካርቦን በተገነባ በሌላ ሙጫ የተበጠበጠ ቀለም 200 ዲግሪን አለፍ እንዳለ ይጠቁራል፤ ከዚያም ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ስለዚህም የቀድሞ ባለሙያዎች አንድም ማኒፎልዱን ምድጃ ውስጥ አስገብተው በ800 ዲግሪ ገደማ የመስታወት ልባስ ያለብሱት ነበር፤ አለዚያም ግራፋይት ቀብተው ዝገቱን ችለው ይኖሩ ነበር። ዛሬ ይህን ግለት የሚችለው ቀለም የመጣው ከአንድ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ መምህር የአርባ ዓመት ድካም ነው። መምህሩ ግን ይህን ነገር ፈልገው አላገኙትም፤ ባገኙትም ጊዜ ደስ አላላቸውም።

ፍሬድሪክ ስታንሊ ኪፒንግ የተወለዱት በማንቸስተር ከተማ በ1863 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው የባንክ ሠራተኛ፣ እናታቸው የሠዓሊ ልጅ ነበሩ። በዚያው በተወለዱበት ዓመት ፍሪዴልና ክራፍትስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ሲሊከንን በቀጥታ ከካርቦን ጋር ያጣመረ የመጀመሪያውን ውሁድ ሠርተው ነበር። ወጣቱ ኪፒንግ ትምህርታቸውን በማንቸስተር ከፈጸሙ በኋላ በከተማው የጋዝ መሥሪያ ቤት በኬሚስትነት ጥቂት ጊዜ አገለገሉ፤ በ1886 ወደ ሙኒክ ሄደው ከወጣቱ ዊልያም ፐርኪን ሥር ሆነው በማግስቱ ዓመት የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። ፐርኪንና ኪፒንግ ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ሁለቱ በአንድነት የጻፉት የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መጽሐፍ ለብዙ ትውልድ ተማሪዎች መማሪያ ሆነ፤ ያገቧቸውም ሁለት እኅትማማቾችን ነበር። ሦስተኛዋን እኅት ያገባው ላፕወርዝም እንደነሱው የኬሚስትሪ ሊቅ ስለ ነበር፣ በዚያ ቤት ምሳ ሲበላ ሌላ ወሬ መነሣቱ ያጠራጥራል።

በ1897 ኪፒንግ በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ እስከ 1936ም ከዚያው ሳይነቃነቁ አስተማሩ። የሲሊከንን ነገር የያዙት በ1899 ነበር። ዓላማቸው የቀለምም የኢንዱስትሪም አልነበረም። ካርቦን ከአራት የተለያዩ አካላት ጋር ሲያያዝ የብርሃንን ሞገድ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚያዞሩ መንትያ ሞለኪውሎች ይፈጥራል፤ ሲሊከንም እንዲሁ ያደርግ እንደሆነ ለማወቅ ፈለጉ። በዚህም ከብዙ ዓመት ትዕግሥት በኋላ ተሳክቶላቸዋል። በ1904 ግሪኛርድ የተባለው ፈረንሳዊ ያገኘውን አዲስ የማጣመሪያ ዘዴ በሲሊከን ላይ ማዋል ሲጀምሩ ግን በመንገዳቸው ላይ ሌላ ነገር ተደቀነ።

የሠሯቸው ውሁዶች ከውሃ ጋር ሲገናኙ ሃይድሮክሲል የያዙ ሞለኪውሎች ይሆናሉ፤ እነዚህም ሞለኪውሎች ውሃ እየጣሉ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ኪፒንግ የጠበቁት ከኪቶን ጋር የሚመሳሰል ንጹሕ ውሁድ ነበርና ውጤቱን ሲሊኮን ብለው ሰየሙት። ስሙ ቀረ፤ ተመሳሳይነቱ ግን አልነበረም። ሲሊከን እንደ ካርቦን ከአንድ ኦክሲጅን ጋር በድርብ ማሰሪያ ታስሮ መኖር አይሆንለትም፤ ይልቁንም ሲሊከን፣ ኦክሲጅን፣ ሲሊከን፣ ኦክሲጅን እያለ ረጅም ሰንሰለት ይሠራል። በብልቃጡ ግርጌ የቀረው የሚያጣብቅ ሙጫ ይኸው ነበር። አይጠራም፣ ክሪስታል አይሆንም፣ የተወሰነ የመቅለጫ ነጥብም የለውም። ለዘመኑ የኬሚስትሪ ሊቅ ይህ የሥራ ውጤት ሳይሆን የሥራ እንቅፋት ነበር።

በ1936 ኪፒንግ በሎንዶን ሮያል ሶሳይቲ ፊት የቤከሪያንን ንግግር ሲያደርጉ ይህ የኬሚስትሪ ክፍል በቅርብ ጊዜ አንዳች ትልቅ እርምጃ ያሳያል የሚል ተስፋ እንደሌላቸው ገለጡ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ንግግር እያነሡ ይቀልዱባቸዋል። ቀልዱ ፍትሐዊ አይደለም። የረጃጅም ሞለኪውሎች ትምህርት ገና በ1920ዎቹ ብቅ ያለና ብዙ ክርክር የተነሣበት ነበር፤ አንድ በጀቱ የጠበበ የክፍለ ሀገር ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሙጫውን ቢንቁ አያስወቅስም። ዋናው ነገር ንቀውም አልጣሉትም። ከምን እንደ ተሠራ፣ በምን እንደሚሟሟ፣ ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ሃምሳ ያህል በሚሆኑ ጥናቶቻቸው ውስጥ አንድ በአንድ መዘገቡት።

እነዚያን ጥናቶች ያነበቡ አሜሪካውያን ነበሩ። በኮርኒንግ የመስታወት ኩባንያ ተቀጥረው የነበሩት ፍራንክሊን ሃይድ በመስታወት ክር ለተሸፈነ የኤሌክትሪክ ሞተር ሽቦ ሙቀት የሚችል ሙጫ ይፈልጉ ነበርና፣ ኪፒንግ የተማረሩበትን ነገር እንደ ሀብት ቆጠሩት። በ1940 ዩጂን ሮኮው የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባለሙያ ከሲሊከን ዱቄት በቀጥታ በርካሽ የሚሠራበትን መንገድ አገኙ፤ በ1943 ዳው ኮርኒንግ ተቋቋመ፤ በጦርነቱም ጊዜ የአውሮፕላን ካንዴላ ገመዶችን ከእርጥበት የሚጠብቅ የሲሊኮን ቅባት ተሠራ። ጡረታ የወጡት ፕሮፌሰር በ1949 በ85 ዓመታቸው በዌልስ ሲያርፉ ፋብሪካዎቹ በሥራ ላይ ነበሩ።

የሲሊከንና የኦክሲጅን ማሰሪያ በሞል ወደ 450 ኪሎጁል የሚደርስ ጉልበት ካላገኘ አይበጠስም፤ የካርቦንና የካርቦን ማሰሪያ ግን 350 ገደማ ይበቃዋል። የማኒፎልድ ቀለም ምሥጢር ከዚህ ይጀምራል። ኪፒንግ ዘወትር ይጠቀሙበት የነበረው ፌኒል የተባለው አካል ዛሬም በሙጫው ውስጥ አለ፤ የሙቀት መቋቋሙን ከፍ የሚያደርገው እሱ ነውና። አቀባቡ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ብረቱ በአሸዋ ግፊት እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይጸዳል፣ ዘይቱ በማሟሚያ ይለቀቃል፣ ከዚያ ወዲያ በባዶ እጅ አይነካም። ስቱኮና ተራ መነሻ ቀለም ከሥር ስለሚቃጠሉ አይገቡበትም። የአሉሚኒየም ብናኝ ያለበት ቀለም ሁለት ጊዜ በስሱ ይረጫል፤ ከወፈረ በሙቀት ይነፋል። ቀጥሎ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ይሠራል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። ብረቱ 200 ዲግሪ ሲደርስ ሞለኪውሎቹ ውሃ እየጣሉ ይያያዛሉ፤ በኖቲንግሃም ብልቃጦች ውስጥ ፕሮፌሰሩን ያስቸገረው ያው ሂደት ነው። ሙቀቱ ከዚያ እጅግ ሲያልፍ የካርቦኑ አካል ተቃጥሎ በጭስ ይወጣል፤ አሉሚኒየሙን ከብረቱ ጋር አጣብቆ የሚቀረው ከአሸዋ ጋር አንድ ዘር የሆነው ሲሊካ ነው።