ያልተበገሩት አርበኛ ራስ አበበ አረጋይ

በአዲስ አበባ ከተማ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ስያሜውን ያገኘው ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ነው። ቤቶች የሚል ትርጉም ያለው ካዜ የተባለው የጣሊያንኛ ቃል፣ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ድርጅት አሕጽሮተ ስም ኢንቺስ ጋር ተጣምሮ በሕዝቡ አንደበት ካዛንቺስ ሆነ። በዚያው ክፍለ ከተማ የሚገኘው ፖፖላሬም ስሙን የወረሰው በዚያን ዘመን ከተሠሩ ቤቶች ነው።

ወራሪው ለጸሐፊዎቹና ለሹማምንቱ ቤት ሲሠራ ዓላማው ማደሪያ ማዘጋጀት ብቻ አልነበረም። የግንባታው ሥራ ለከተማዋ ነዋሪና ለውጭው ዓለም መልእክት ያስተላልፍ ነበር፤ ጦርነቱ አብቅቷል፣ ጣሊያን የመጣው ለመቆየት ነው የሚል መልእክት። ይህ መልእክት እውነት እንዳይሆን ካደረጉት ኢትዮጵያውያን መካከል አንዱ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኙት የሸዋ ተራሮችና ሸለቆዎች ለአምስት ዓመታት የተዋጉት ራስ አበበ አረጋይ ናቸው።

አበበ አረጋይ በ1895 ዓ.ም ተወለዱ። በእናታቸው በኩል የስመ ጥሩው የጦር መሪ የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። ጦርነቱ በተጀመረበት ወቅት የባላምባራስነት ማዕርግ የነበራቸው ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ከተማ ፖሊስ አዛዥ በመሆን ያገለግሉ ነበር። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም የማይጨው ጦርነት ውጤት ታውቆ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ ዋና ከተማዋ በዘረፋና በቃጠሎ ተናወጠች። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገባ ባላምባራስ አበበ እጃቸውን አልሰጡም። ያገኙትን መሣሪያና ተከታይ ይዘው ወደ ገጠር ወጡ።

ሙሶሊኒ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም የሮማ ግዛት መመሥረቱን በይፋ ለሕዝቡ አወጀ። ይህ አዋጅ በኋላ ለራሱ መንግሥት ሸክም ሆነበት። ጦርነቱ አብቅቷል ተብሎ ከታወጀ በኋላ በየዕለቱ ስለሚሞተው ወታደር ለጣሊያን ሕዝብ የሚሰጥ በቂ ማብራሪያ አልነበረም። ስለዚህ የፋሺስቱ አስተዳደር አርበኛውን እንደ ተዋጊ ወገን ሳይሆን እንደ ሽፍታና እንደ አመፀኛ መቁጠርን መረጠ። በ1928 ዓ.ም ክረምት ከሮም የመጣው ትእዛዝም የተማረኩ አርበኞች እንዲረሸኑና ሕዝቡ በሽብር እንዲገዛ የሚፈቅድ ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ በዚያው ክረምት ተደረገ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም አርበኞች ከተለያዩ አቅጣጫዎች ተነሥተው አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ጥቃት ሰነዘሩ። የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋወሰን ከሰላሌ፣ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም፣ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎና ባላምባራስ አበበ አረጋይ በዚህ ዘመቻ ከተሳተፉት መሪዎች መካከል ይገኙበታል። ይሁን እንጂ ዝናቡ፣ የወንዞች ሙላትና የመገናኛ እጥረት ኃይሎቹ በአንድ ጊዜ እንዳይደርሱ አደረጋቸው። ጠላት በአንጻሩ መትረየስ፣ መድፍና አውሮፕላን ነበረው። በማግስቱም ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ።

ከዚህ ውጊያና ከተከተሉት ወራት ሁለት ትምህርቶች ተገኙ። አንደኛው፣ በመደበኛ ጦር የሚጠበቅን ከተማ በግልጽ ውጊያ መያዝ እንደማይቻል ነው። ሁለተኛው ይበልጥ መራራ ነበር። ምሕረት እንደሚደረግላቸው ተነግሯቸው እጃቸውን የሰጡት ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋወሰን ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም ፍቼ ላይ ተገደሉ። የደቡቡን ጦር ይመሩ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው በየካቲት ወር ተይዘው ተረሸኑ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ለሦስት ቀናት በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የተፈጸመው ጭፍጨፋ፣ በግንቦት ወርም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እልቂት ለጠላት የሚሰጥ እምነት እንደሌለ ለሁሉም አሳዩ። ሕዝቡን ለማስፈራራት የታሰበው ግድያ ሕዝቡን ወደ ጫካ ገፋው። የአርበኞች ቁጥርም ከዚያ ወዲህ በብዙ ቦታዎች ጨመረ።

አበበ አረጋይ በቡልጋ፣ በተጉለት፣ በመንዝና በመርሐቤቴ የተከተሉት ስልት ከዚህ ትምህርት የመነጨ ነበር። ጦራቸውን በአንድ ቦታ አሰባስበው ለጠላት መድፍ ዒላማ አላደረጉትም። የአካባቢውን ሸለቆና ገደል የሚያውቁ ተከታዮቻቸው በትናንሽ ቡድን እየተከፋፈሉ ምሽጎችንና ስንቅ ጫኝ መኪናዎችን ያጠቁ፣ መሣሪያና ጥይት ይማርኩና ይሰወሩ ነበር። ጣሊያኖች ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ለመሥራት የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ ቢፈለፍሉም፣ መንገዱን በጥበቃ ሥር ማዋል ግድ ሆነባቸው። መንገዱን የሚጠብቀው ወታደር በበዛ ቁጥር አርበኛውን ለማሳደድ የሚተርፈው ኃይል ያንሳል። መደበኛ ጦር እያንዳንዱን ድልድይና ምሽግ መጠበቅ ሲኖርበት፣ አርበኛው ግን መጠበቅ የሚኖርበት ሕይወቱንና የሕዝቡን ፍቅር ብቻ ነበር።

የሕዝቡ ድጋፍ ግን በነጻ የተገኘ አልነበረም። አርበኛውን የሚመግበው፣ የሚደብቀውና መረጃ የሚያቀብለው ገበሬ ቤቱ ይቃጠል፣ ከብቱ ይነዳ፣ ልጁ ይሰቀል ነበር። ለዚህ መሥዋዕትነት ከሚጠቀሱት እጅግ አሳዛኝ ምሳሌዎች አንዱ ሚያዝያ 1931 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ ዘረት በተባለው ቦታ የተፈጸመው ነው። በዚያ የሚገኘው ዋሻ የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች፣ ቁስለኞች፣ ሴቶችና ሕፃናት የተጠለሉበት ነበር። የጣሊያን ጦር ዋሻውን ከብቦ የመርዝ ጋዝ ተጠቀመ፤ እጃቸውን የሰጡትንም በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ረሸነ። ይህ ግፍ ለብዙ ዓመታት ከአካባቢው ሕዝብ ትዝታ ውጪ እምብዛም ሳይታወቅ ቆይቶ፣ ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ ከሰነድ ጋር በማመሳከር በ1998 ዓ.ም ለዓለም እንዲታወቅ አድርጓል።

በአዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ትግል ይካሄድ ነበር። የውስጥ አርበኞች በጠላት መሥሪያ ቤቶችና ገበያዎች መካከል እየተንቀሳቀሱ ለዱር አርበኞች መረጃ፣ መድኃኒት፣ ልብስና ጥይት ይልኩ ነበር። ከእነዚህ መካከል ስማቸው በክብር የሚነሣው ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ተይዘው ወደ ጣሊያን እስከ መጋዝ ደርሰዋል። ከሚታመነው ሠራተኛ መካከል ማን የአገሩን ጉዳይ እንደሚያስቀድም ገዢው ለይቶ ማወቅ ተስኖት ነበር። በዚህም የተነሣ የጠላት አስተዳደር በራሱ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሳይቀር እርግጠኛ ሆኖ መሥራት አልቻለም።

የወሬው ጦርነት ከጥይቱ ጦርነት ያላነሰ ነበር። ጣሊያኖች ጋዜጣ እያተሙ፣ ወረቀት ከአውሮፕላን እየበተኑ፣ የተሰቀሉ አርበኞችን በአደባባይ እያሳዩ ትግሉ እንዳበቃ ለማሳመን ሞከሩ። አርበኞች ይህን ሁሉ የሚመክቱበት ማተሚያ ቤት አልነበራቸውም። የነበራቸው በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የአዝማሪ ዜማ፣ ፉከራና ቀረርቶ፣ ከገበያ ገበያ የሚተላለፍ ወሬ ነበር። በውጭ አገርም እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ከ1928 ዓ.ም ጀምሮ በለንደን ታሳትመው የነበረው ሳምንታዊ ጋዜጣ አርበኞች አሁንም እየተዋጉ መሆኑን ለአውሮፓ አንባቢ ያሰማ ነበር።

ይህ ድምፅ ተሰሚነት ያገኘው መሬት ላይ እውነት ስለነበረ ነው። ብሪታንያ ኅዳር 1931 ዓ.ም ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ የያዘችውን ሥልጣን በይፋ ስታውቅ፣ ለብዙ መንግሥታት የኢትዮጵያ ጉዳይ የተዘጋ መዝገብ ነበር። ሆኖም በመንዝ፣ በጎጃም፣ በቤጌምድርና በሌሎችም አካባቢዎች ተኩሱ አልቆመም።

በዚህ ጊዜ ጣሊያኖች ኃይል ያላስገኘውን ነገር በድርድር ለማግኘት ሞከሩ። ከ1930 ዓ.ም ጀምሮ ግራዚያኒን የተካው የአኦስታው መስፍን ለዘብ ያለ ፖሊሲ ይከተል ነበር። የሸዋው ገዥ ጄኔራል ናሲም ራስ አበበን ለማስገባት መልእክተኛ ላከ። ራስ አበበ ድርድሩን አልዘጉትም፤ ነገር ግን አልተፈጸመም። በ1931 እና በ1932 ዓ.ም በመልእክትና በቀጠሮ ጊዜው እየተራዘመ ሲሄድ፣ ጦራቸው እፎይታና ስንቅ አገኘ። ይህ ስልት ቀላል አልነበረም። ከጠላት ጋር የሚነጋገር የአርበኛ መሪ በገዛ ወገኑ ሊጠረጠር ይችላል፤ የእርሳቸውን መግባት የሚያወራ ወሬ ለጣሊያን ከአንድ የጦር ሜዳ ድል የሚበልጥ ጥቅም ነበረው። የፍቼውን ክህደት ያልረሱት ራስ አበበ ግን እጃቸውን ሳይሰጡ ሰኔ 1932 ዓ.ም ደረሰ። ጣሊያን ከጀርመን ጎን ተሰልፋ የዓለም ጦርነት ውስጥ በገባች ጊዜ የብሪታንያ ፖሊሲም ተለወጠ፤ ያን ጊዜ በአገር ውስጥ የሚተማመኑበት የተደራጀ አርበኛ ተገኘ።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። የብሪታንያ ጦር መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በከተማዋ በሺዎች የሚቆጠሩ ጣሊያናውያን ሲቪሎች ከነቤተሰቦቻቸው ይገኙ ነበር። ጠላት ራሱ በየካቲት 12 የፈጸመውን ያውቅ ስለነበረ የበቀል ሥጋት ሰፍኖ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ከተማዋ ሲገቡ ክፉን በክፉ መመለስ እንደማይገባ ለሕዝባቸው ተናገሩ። በሺዎች የሚቆጠሩ የራስ አበበ አርበኞች በከተማዋና በዙሪያዋ እያሉ የተፈራው እልቂት አልደረሰም። በየካቲት 12 ቤተሰቡን ያጣ ሰው ሁሉ መሣሪያ በያዘበት በዚያ ሰዓት፣ ይህ ሥርዓት መጠበቁ ከጦር ሜዳ ድል የሚተናነስ አይደለም።

ከነጻነት በኋላ ራስ አበበ አረጋይ ለአርበኝነታቸው ክብርና ሥልጣን ካገኙት ጥቂቶች አንዱ ሆኑ። ሁሉም አርበኛ እንደ እርሳቸው አልታደለም፤ የጎጃሙ ጀግና ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም በስቅላት መሞታቸው በብዙዎች ልብ ውስጥ ቁጭት ጥሎ አልፏል።

ታሪክ ራስ አበበንም ከሌላ ወገን አስቁማቸዋለች። በትግራይ የተነሣውን የወያኔ አመፅ ለማስቆም በ1936 ዓ.ም መጀመሪያ የዘመተውን የመንግሥት ጦር የመሩት እርሳቸው ነበሩ። በአንድ ወቅት ከተራራ ላይ ሆነው መደበኛ ጦርን ያስጨነቁት መሪ፣ አሁን በመደበኛ ጦር ተራራ ላይ ያሉ ገበሬዎችን ገጠሙ። የብሪታንያ አውሮፕላኖች ያካሄዱት ድብደባም ለአመፁ መሸነፍ ምክንያት ሆነ። ራስ አበበ ከዚያ በኋላ ትግራይን ለጥቂት ዓመታት አስተዳድረዋል። የሰውየውን ሙሉ ሕይወት የሚያጠና ሰው ይህንን ምዕራፍ መዝለል አይገባውም። የሕዝብ ብሶት ካልተደመጠ የአገር ልጅ ባቋቋመው መንግሥት ላይም ጠመንጃ ሊያነሣ እንደሚችል ያስተምራልና።

በተከታዮቹ ዓመታት የጦር፣ የአገር ግዛትና የመከላከያ ሚኒስትርነትን ሥራ በተለያየ ጊዜ ያዙ፤ ከ1950 ዓ.ም ጀምሮም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኑ። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዦች መፈንቅለ መንግሥት ሲያካሂዱ፣ ራስ አበበ ከሌሎች ሚኒስትሮችና ባለሥልጣናት ጋር በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታገቱ። ያኔም የሕዝብ አስተያየት የትግሉ አካል ነበር። አመፀኞቹ በራዲዮ መግለጫ አሰሙ፤ በተቃራኒው የፓትርያርኩ ውግዘት በጽሑፍ ከአውሮፕላን ተበተነ። ሙከራው ሊከሽፍ ሲል በታጋቾቹ ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው። አምስት ዓመት ሙሉ የጣሊያን ጥይት ያልነካቸው አርበኛ በገዛ ወገናቸው ጥይት ሕይወታቸው አለፈ።

ለቅኝ ገዢው ጸሐፊዎች ተብሎ የተቆረቆረው ካዛንቺስም ባለቤቱን ቀየረ። በአቅራቢያው በ1953 ዓ.ም የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት የነጻ አገራት መሪዎችን አስተናገደ። በ2017 ዓ.ም በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ በሰፈሩ ብዙ ነባር ቤቶች ተነሥተው ገጽታው ተለውጧል። ስሙ ግን ይቆያል፤ በተራራ ላይ ያሉት ሰዎች እጅ ባለመስጠታቸው ሳይሳካ የቀረውን የወራሪ ዕቅድም ያስታውሳል። ዛሬ በዚያው አካባቢ በሚገኙ መሥሪያ ቤቶች ሕዝብን የሚያገለግል ሠራተኛ፣ የሚቀመጥበት ወንበር ነጻ ሆኖ የተረከበው በዘረት ዋሻ እንዳለቁት ባሉ ስማቸው ባልተመዘገበ ወገኖች ዋጋ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።