ቁልቁለቱን ያልረሳው መካኒክ

ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ ያቃስታል፤ የሚያስፈራው ግን ሲወርድ ነው። ይህን ከክሌሲ ካሚንስ በላይ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ካሚንስ እ.ኤ.አ. በ1888 በአሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት ተወለደ። ትምህርቱ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ኮሎምበስ በምትባል ከተማ የባለባንኩ የዊልያም ኧርዊን ሾፌር ሆነ። ኧርዊን የሾፌራቸውን እጅ አምነው ገንዘብ አወጡ፤ በ1919 የካሚንስ ሞተር ኩባንያ ተመሠረተ።

ያኔ የናፍጣ ሞተር ለመርከብና ለፋብሪካ እንጂ ለመንገድ ይሆናል ያለ ብዙም አልነበረም። ካሚንስ በ1931 የናፍጣ መኪና ኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ላይ አሰለፈ። መኪናዋ 800 ኪሎ ሜትር ገደማውን አንዴም ሳትቆም ጨረሰች። በዚያው ዓመት ደግሞ በናፍጣ የጭነት መኪና ከኒውዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ ተነሣ።

ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ካሆን ፓስ የሚባል ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑ እምቢ አለ። ከታች ሐዲድ መንገዱን ያቋርጣል፤ የዕቃ ባቡርም እያለፈ ነበር። ለጥቂት ተረፉ።

ያ ድንጋጤ ከሃያ ዓመት በላይ አብሮት ኖረ። በ1950ዎቹ፣ ከኩባንያው ከወጣ በኋላ፣ መላ አገኘለት፤ መኪናውን የሚገፋው ሞተር ራሱ እንዲይዘው አደረገ። በቁልቁለት ላይ ፒስተኑ አየር ያምቃል። የታመቀው አየር ፒስተኑን መልሶ ከመግፋቱ በፊት የጭስ ቫልቩ ተከፍቶ ያስወጣዋል። ያኔ ሞተሩ ጉልበት መስጠቱ ቀርቶ ጉልበት ይበላል። የጃኮብስ ፋብሪካ በ1961 ለገበያ አቀረበው፤ ሾፌሮች ጄክ ብሬክ ይሉታል። ካሚንስ በ1968፣ በ79 ዓመቱ አረፈ።

በብዙ አነስተኛ የጭነት መኪኖችና መኝታና ማብሰያ ባላቸው የናፍጣ መኪኖች ላይ ያለው የጭስ ፍሬን የዚህ ዘመድ ነው። እሱ የጭስ ማውጫውን በክዳን ዘግቶ ሞተሩን ያፍናል። ብዙ ጊዜ ከተርቦው ቀጥሎ ታገኙታላችሁ። ጠላቱ ጥቀርሻ ነው፤ ክዳኑ ከተጣበቀ ሾፌሩ የሚያውቀው ቁልቁለት ላይ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑ እንደልቡ መከፈትና መዘጋቱን አስፈትሹ።

ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሽ ቀንሱ፣ የሞተር ፍሬኑን አብሩ። የእግር ፍሬኑ ሳይግል ይቆይ፤ ድንገት ባቡር የመጣ ቀን የሚያስፈልገው እሱ ነው።